ጦርነት የዘጋው የካርቱም የግሪካውያን ሆቴል

በሱዳን መዲና ካርቱም እምብርት የሚገኘው አክሮፖል ሆቴል ለሰባት አሥርት ዓመታት እንግዳ ተቀብሏል። መፈንቅለ መንግሥታትን፣ ረሃብንና የቦምብ ጥቃትን ተሻግሯል። በመጨረሻ የዘጋው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የፈነዳው ጦርነት ነው።

ሆቴሉን በአውሮፓውያኑ 1952 የከፈተው ከግሪኳ ከፋሎኒያ ደሴት የመጣው ፓናጊስ ፓጉላቶስ ነው። እርሱ ሲያርፍ ባለቤቱ ፍሎራና ሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ሥራውን ቀጠሉ።

ሆቴሉ ቅንጡ አልነበረም። ታዲያ ጋዜጠኞች፣ የረድኤት ሠራተኞችና የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች ለምን መረጡት? ስልክ እንደ ልብ በማይሠራበት ከተማ ቤተሰቡ የቴሌክስ መልዕክት ይልክላቸው፣ የጉዞና የፎቶግራፍ ፈቃድ ያስጨርስላቸው ነበር። በ1977ቱ ረሃብ ከትግራይና ከኤርትራ በርካቶች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲሰደዱም የረድኤት ድርጅቶች ሆቴሉን እንደ ቢሮ ተጠቅመውበታል።

ግንቦት 7/1980 ዓ.ም. በሆቴሉ የመመገቢያ አዳራሽ ላይ በተፈጸመ የቦምብ ጥቃት ሰባት ሰዎች ተገደሉ። ከሟቾቹ ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ። ቤተሰቡ ግን ከመንገዱ ማዶ ባለው ሕንፃ ሥራውን ቀጠለ።

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መዋጋት ሲጀምሩ ሆቴሉ የተኩሱ መሃል ላይ ወደቀ። ባለቤቶቹና እንግዶቻቸው ያለ ውሃና መብራት ለቀናት መውጫ አጥተው ከቆዩ በኋላ ከተማዋን ለቀው ወጡ።

ጦሩ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ካርቱምን መልሶ ተቆጣጥሯል። ስደተኞችን የሚረዱትን ለዓመታት ያስተናገደው ቤተሰብ ግን በተራው ተፈናቃይ ሆኗል።