ዳይቭ አድርጎ በዚያው ሌሊት ወደ አዲስ አበባ መብረር፦ የድሮው ምክር ያስኬዳል?

ዱባይ የሚኖር አንድ ተከታታያችን በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ዶክተር፣ አርብ ጠዋት ፉጄራ ላይ ሁለት ጊዜ ስኩባ ዳይቪንግ አደርጋለሁ፤ ሌሊት ወደ አዲስ በረራ አለኝ። ድሮ ያስተማረኝ ሰውዬ ‹ጥቂት ሰዓት ካረፍክ በቂ ነው› ብሎኝ ነበር። አሁንም ይሠራል?»

ወንድሜ፣ አይሠራም። ትኬቱን አዙረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 10 ሜትር ስንጠልቅ በሰውነታችን ላይ ያለው ግፊት እጥፍ ይሆናል። ከሲሊንደሩ የምንስበው (ብዙ ሰው ኦክስጅን ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ተራ የታመቀ አየር ነው) ናይትሮጅን ደማችን ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለን ከወጣን በትንፋሽ ይወጣል። ግፊቱ በድንገት ከቀነሰ ግን ክዳኑ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ አረፋ ይሠራል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ሕመም ነው፤ አከርካሪ ውስጥ ከሆነ እግር ሊያሽመደምድ ይችላል።

አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ደግሞ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንደመሆን ነው። ሌላው ተሳፋሪ ባሕር ጠረፍ ከተማ ሲያርፍ ግፊቱ ይመለስለታል። የኛ ቦሌ ግን ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው! በማግስቱ እንጦጦ ልውጣ ካላችሁማ ከ3,000 ሜትር አለፋችሁ።

በ2002 እ.ኤ.አ. የዘርፉ ባለሙያዎች የተስማሙበት ምክር፦ ለአንድ ቀላል ዳይቭ ቢያንስ 12 ሰዓት፤ ለተደጋጋሚ ወይም ለብዙ ቀን ዳይቭ ቢያንስ 18 ሰዓት፤ ሲወጡ የግድ በየደረጃው መቆም ለሚያስፈልገው ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። እኔ ወደ አዲስ ለሚመጣ ሰው 24 ሰዓት ሙሉ እላለሁ።

ሌላም የተቀየረ አለ። ድሮ በደቂቃ 18 ሜትር መውጣት ይፈቀድ ነበር፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1993 ወደ 9 ሜትር አወረደው። የታመመውን ጭንቅላቱን ዝቅ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ማስተኛትም ቀርቷል፤ ለአንጎል እብጠት ስለሚያጋልጥ አሁን ዝርግ አድርገን እናስተኛዋለን። አስም ያለበት ሰው ድሮ ጭራሽ ይከለከል ነበር፤ ዛሬ ተመርምሮ ይወሰናል። ንክች ያላለው አንዱ «ስትወጣ ትንፋሽህን አትያዝ» የሚለው ነው። ከአንድ ሜትር ትንሽ ከሚበልጥ ጥልቀት እንኳ ትንፋሹን ይዞ የወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል።

ከዳይቭ በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ማዞር ወይም የእግር መክዳት ከመጣ ማሸት፣ «ድካም ነው» ብሎ መተኛት የለም። ወዲያው ንጹሕ ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ ዋናው ሕክምና በልዩ የግፊት ክፍል የሚሰጠው ነው። ኦክስጅኑ ቢያሻላችሁም ሐኪም ሳያያችሁ አትቅሩ።

ሕመሙ አዲስ አበባ ከገባችሁ በኋላ ከጀመራችሁ ደግሞ ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሩት ዳይቭ ማድረጋችሁን ነው። ባሕር በሌለው አገር የምንሠራ ሐኪሞች፣ እኔንም ጨምሮ፣ እግሬ ደነዘዘ ላለን ሰው ቀድሞ የሚታየን ዲስክ መንሸራተት ነው።