ካቴተር የገባለትን ታማሚ እንዴት እናስታምም?



ከሜጋ፣ ከያቤሎ ወይም ከነጌሌ ቦረና አንድ ዘመድ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ስልክ የሚደወለው ከተማ ለሚማረው ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ አስታማሚም አስተርጓሚም እኛው ነን። የታመመን መዘየር ያለውን አጅር ከመድረሳ ጀምሮ ተምረናል። አልጋው ጎን ስለተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው የለም። ስለሚያሳፍር አንጠይቅም፤ ታማሚውም ስለሚያፍር አይናገርም። በመሐል የሚሰቃየው እሱ ነው።

እኔ የምህንድስና ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው አስታማሚ ሊያደርገው የሚችለውንና በነርሶች ዘንድ የታወቀውን ብቻ ነው።

ካቴተር ምንድን ነው?

ካቴተር በሽንት መውጫ በኩል ወደ ሽንት ፊኛ የሚገባ ለስላሳ ቱቦ ነው። ፕሮስቴት አብጦበት ሽንት ለተዘጋበት አባት፣ በቀዶ ሕክምና ለወለደች እናት፣ ራሱን ለሳተ ሰው ይገባል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የአንደሉሱ ሐኪም አዝ-ዘህራዊ ከሺህ ዓመት በፊት ከብር ስለሚሠራ የሽንት ቱቦ ጽፏል። ዛሬ በብዛት የምናየው በአሜሪካዊው ሐኪም ፍሬድሪክ ፎሊ ስም የሚጠራው ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ የጎማ ኳስ አለች። ቱቦው ፊኛ ውስጥ ከደረሰ በኋላ ኳሷ ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ንጹሕ ውሃ ይሞላባትና ቱቦው እንዳይወጣ ትይዘዋለች። ኳሷ ሳትተነፍስ ቱቦውን መጎተት የሽንት መውጫውን የሚቀድደውና የሚያደማው ለዚህ ነው።

ፊኛ ጡንቻ ነው። ኳሷን እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ሊገፋት ይኮማተራል። ስለዚህ ሽንቱ በደንብ እየፈሰሰ እንኳ ታማሚው «ሽንቴ መጣ፣ አንሱኝ» ሊል ይችላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት። ስሜቱ እውነተኛ ነውና «ዝም በል፣ ቻለው» አንበለው። በሚገባው ቋንቋ ምክንያቱን እናስረዳው፤ ለቦረና ሽማግሌ በኦሮምኛ የተነገረ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ፍርሃት ያቀልላል። ቁርጠቱ ከበረታ ወይም ሽንት በቱቦው ዙሪያ ካፈሰሰ ለነርስ እንንገር፤ ሐኪም የሚያዝለት መድኃኒት አለ። የሆድ ድርቀትም ያባብሰዋልና እሱንም መናገር ነው።

ሥራው የስበት ነው

ይህ ቱቦ ፓምፕ የለውም። ሽንት የሚወርደው በስበት ብቻ ነው። ብዙው ሕመም የሚመጣው ይህ ሲረሳ ነው።

አንደኛ፣ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው በታች ይሁን፤ ወለልም አይንካ። ዘያሪ ሲመጣ ታማሚው አፍሮ ከረጢቱን ብርድ ልብስ ውስጥ ጎኑ ላይ ይደብቀዋል። ያን ጊዜ ሽንቱ መውረድ ያቆማል፣ ወደ ኋላም ሊመለስና ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከረጢቱ አልጋው ብረት ላይ እንደተንጠለጠለ ነጠላ ወይም ሻሽ እናልብሰው። ገመናው ይሸፈናል፣ ሽንቱም ይወርዳል።

ሁለተኛ፣ ቱቦው አይታጠፍ፣ ሰውም አይቀመጥበት። ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንደገና ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ በጎድጓዳው የተጠራቀመው ሽንት መንገዱን ይዘጋል፤ ፊኛው ይወጠራል። ቱቦው ያለ ጎድጓዳ ቁልቁል ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ክብደቱን እናስብ። 2 ሊትር የሞላ ከረጢት 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ያ ክብደት ኳሷን ይጎትታል። ሁለት ሦስተኛው ሳይሞላ ይፍሰስ። ቱቦው ጭን ላይ በፕላስተር ይያዝ፣ እግር ሲንቀሳቀስ እንዳይወጠርም ትንሽ ላላ ይበል። ለወንድ ከሱሪ ይልቅ ሽርጥ፣ ለሴት ሰፊ ቀሚስ ይመቻል።

ከመንካታችን በፊትና በኋላ እጃችንን እንታጠብ። አካባቢው በየቀኑ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ቱቦውን ከከረጢቱ ግን አንንቀለው። ሐኪም ካልከለከለ በስተቀር ውሃ ይጠጣ። ብዙ ታማሚ ከረጢቱ እንዳይሞላ ብሎ ውሃ ይተዋል፤ ያኔ ሽንቱ ይወፍራል፣ ያቃጥላል፣ ቱቦውም ሊደፈን ይችላል።

ከፌስቱላ ሆስፒታል የምንማረው

የዚህን ቱቦ ክብር የሚያውቁ በአገራችን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በአዲስ አበባ የመሠረቱት የፌስቱላ ሆስፒታል በይርጋለምም ቅርንጫፍ አለው፤ ለቆላማው ደቡብ ቅርቡ እሱ ነው። በረጅም ምጥ ፊኛዋ የተቀደደ እናት ከተሰፋላት በኋላ ካቴተሩ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ቱቦው ቢዘጋ ፊኛው ተወጥሮ ስፌቱ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ሽንቱ መውረዱ ቀንም ሌሊትም ይታያል፣ ታካሚዋም ብዙ ውሃ ትጠጣለች። ከሚንከባከቧት መካከል ቀድሞ ራሳቸው ታካሚ የነበሩ ሴቶች ይገኛሉ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በፌስቱላ ታመው መጥተው፣ ቆይተው ቀዶ ሐኪም እስከመሆን ደርሰዋል። ጠብታ መከታተል ትንሽ ሥራ አይደለም።

ሶላትስ?

ብዙ ታማሚ «ነጃሳ ተሸክሜ እንዴት እሰግዳለሁ?» ብሎ ሶላት ይተዋል። ይህ ጭንቀት ከቱቦው በላይ ያሳምመዋል። ዑለማዎች ሽንት የማይቋረጥለትን ሰው ባለ ዑዝር ይሉታል፤ ሶላቱ አይወድቅም፣ ቱቦውንም መንቀል የለበትም። በሻፊዒዩ መዝሀብ ወቅቱ ከገባ በኋላ ለእያንዳንዱ ፈርድ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። መቆም ካልቻለ ተቀምጦ፣ ካልቻለም ተኝቶ። ውሃ የሚጎዳው ከሆነ ተየሙም አለ። የራሱን ሁኔታ ዝርዝር የሚያውቀውን ዓሊም ይጠይቅ። አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር፦ ወለል ላይ ሲቀመጥ ከረጢቱ ከፊኛው ጋር እኩል ይሆናልና መሬት ላይ መቀመጥ የሚከብደው ሰው ወንበር ላይ ቢሰግድ ከረጢቱ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል።

ነርስ ወዲያው የሚጠራው መቼ ነው?

ለጥቂት ሰዓታት ሽንት ካልወረደና የሆድ ታችኛው ክፍል ከተነፋ፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፤ የረጋ ደም ከታየ፤ ቱቦው ከወጣ ወይም ታማሚው እየጎተተ ካስቸገረ። ራሳችን መልሰን አናስገባ።

በየቀኑ አንድ ጥያቄ በአክብሮት እንጠይቅ፦ «ሲስተር፣ ቱቦው ዛሬም ያስፈልገዋል?» እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን የኢንፌክሽን ዕድልን ይጨምራልና የሚያበቃበትን ቀን መጠየቅ ማስቸገር አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ማስታገሻ ቱቦው ጊዜው ሲደርስ መውጣቱ ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያ ይስጥልን፤ ለአስታማሚዎቻቸውም ሶብር።