የድንጋይ ሽበትና ቀይ ቀበሮ

ክረምት ሲገባ በእግረኛ መንገድ ንጣፍ ስንጥቅ ውስጥ ብርማ አረንጓዴ ነገር ይወፍራል። ብዙ ሰው ሳያየው ረግጦት ያልፋል። ሞስ ነው። የቅጠሎቹ ጫፍ አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ከሩቅ የሸበተ ይመስላል፤ የድንጋይ ሽበት የሚለው አጠራር ልክክ ይልለታል። በላቲን ስሙም ብርዩም አርጀንቴየም ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል ብርማ ማለት ነው።

በባሌ ተራሮች የሳነቴ አምባ ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮ ከፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አድፍጧል። በሳይንስ ካኒስ ሲሜንሲስ ይባላል፤ ስሙ የሰሜን ተራሮችን ያስታውሳል፣ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ያወጣለት ነው።

የሁለቱ ዝምድና ገና ከመጀመሪያው እርከን ይለያያል። አንዱ ከዕፅዋት፣ ሌላው ከእንስሳት ዓለም ነው። ቀበሮው አከርካሪ አለው፣ ልጆቹን ያጠባል፣ ከሥጋ በሎችም ከውሻ ቤተሰብ ይመደባል። ሞሱ እውነተኛ ሥር፣ አበባና ዘር የለውም፤ ውኃ የሚጠጣው በቅጠሉ ነው። የስያሜያቸው መነሻ እንኳ ሌላ ሌላ ነው፦ ለእንስሳት ስም የተፈጥሮ ተመራማሪው ሊኔየስ በ1758 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው መጽሐፍ መነሻ ሲሆን፣ ለአብዛኞቹ ሞሶች ግን ሐኪሙ ዮሐን ሄድቪግ ከሞተ በኋላ በ1801 (እ.ኤ.አ.) የታተመው መጽሐፉ ነው።

ትልቁ ልዩነት የህልውና ጉዳይ ነው። ሞሱ ከአንታርክቲካ ጭምር በሁሉም አህጉር ይገኛል፤ ከጫማ ሶል ጋር የተጣበቀች ቅንጣቱ እንኳ ሌላ ቦታ ልትበቅል ትችላለች። የዝርያዎችን የመጥፋት ስጋት በሚለካው የአውሮፓ ቀይ መዝገብ ስጋት ከሌለባቸው ዝርያዎች ጎራ ነው። ይህ ግን ሞሶች ሁሉ ደህና ናቸው አያሰኝም፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሁኔታቸው የተገመገመላቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፣ አጥቢዎች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ተገምግመዋል። ትኩረታችን ዓይን ያለውን ፍጥረት ይመርጣል።

ቀይ ቀበሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ነው። የቀሩት አምስት መቶ ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ውስጥ። እርሻና ከብት ወደ ደጋው እየወጡ ቦታውን አጥብበውበታል፤ ከመንደር ውሾች የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ በአንድ ወረርሽኝ መንጋ ሙሉ ይጨርሳል። በ2003 እና በ2004 (እ.ኤ.አ.) በባሌው የወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በዚህ በሽታ ሞተዋል። በየመንጋው አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት እናት ብቻ በመሆኗ የሞተውን መተካት ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባለሙያዎች በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ የአፍ ክትባት ለቀበሮዎቹ ያድላሉ።