የጥሩንባ ነፊው ማኅበር የማን ጉዳይ ነው?

የሙያ ማኅበር ከስሙና ከማኅተሙ በፊት አንድ ተጨባጭ ጥያቄ የሚመልስ ድርጅት መሆን ይገባዋል። ጥያቄውም አባሉ የሚኖርበት ጉልበት የተዳከመ ዕለት ማን ይደርስለታል? የሚል ነው። የሸማኔው ጉልበት በእጁና በእግሩ፣ የተሸካሚው በትከሻው ነው። የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች ኑሮ ግን የተንጠለጠለው በከንፈሩ፣ በፊት ጥርሱና በሳንባው ላይ ነው። በጥሩንባም ሆነ በትሮምቦን ድምፅ የሚወለደው ከከንፈር መርገብገብ ነው፤ የብረቱ ቱቦ ያንኑ መርገብገብ አጉልቶና መልክ ሰጥቶ ያወጣዋል እንጂ በራሱ አይጮኽም። ስለዚህ የፊት ጥርሱ የወለቀ ነፊ ሙያውም አብሮ ይወልቅበታል።

ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የሚገኙት ብቸናና ሞጣ፣ ቀድሞ እያንዳንዳቸው የአውራጃ ዋና ከተማ የነበሩ፣ ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም ያሉ ከተሞች ናቸው። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ስለ ነሐስ ሙዚቀኞች ማኅበር ማንሣት ለአንዳንዱ አንባቢ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። «ለመሆኑ ባንዱ የት አለና?» ይል ይሆናል። ይህ አስተያየት የሚመነጨው ሙዚቀኛን ከመድረክ ላይ ብቻ ከመፈለግ ነው። በአገራችን ከተሞች የሚኖር የእድር አባል ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነፊ አለ። ጎሕ ሳይቀድ በጭቃና በብርድ መንደር ለመንደር እየዞረ፣ ጥሩንባውን ነፍቶ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን የሚያሰማው ሰው ነው። የሚነፋው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ጣት የማያርፍበት ተራ ጥሩንባ ቢሆንም፣ የሚነፋበት ከንፈር ግን ከትልቁ ኦርኬስትራ ነፊ ከንፈር በምንም አይለይም። የብዙዎቻችንን ወላጆች ሞት ለሰፈሩ ያሰማው እሱ ነው። እርሱ ራሱ አቅም ያነሰው ዕለት የሚጦርበት አንቀጽ ያላቸው የእድር መተዳደሪያ ደንቦች ግን ስንት ይሆኑ? አንባቢ የራሱን እድር ደንብ አውጥቶ ይመልከት።

የዚህ ችግር መሠረት በታሪክ ውስጥ ነው። በነገሥታቱና በመሳፍንቱ ዘመን መለከት፣ እምቢልታና ነጋሪት የሹመት ምልክቶች ነበሩ። በጎጃምም ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው ሲነግሡ ሥርዓቱ ይኸው ነበር። ክብሩ የጌታው እንጂ የነፊው አልነበረም። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች በላከ ጊዜ ዘመናዊው የማርሽ ሙዚቃ ገባ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያዩዋቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መጡ። ኬቮርክ ያቀናበረውን የቀድሞውን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የደረሰው የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ ዮፍታሔ ንጉሤ መሆኑን የጎጃም አንባቢ ሳያስታውስ አያልፍም። ከዚያ ወዲህ ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስና ማዘጋጃ ቤት የየራሳቸውን የሙዚቃ ክፍል አቋቋሙ፤ ከእነርሱም መካከል ስማቸው ባሕር የተሻገረ ነፊዎች ወጡ።

ይሁን እንጂ በዚህ ዕድገት ውስጥ አንድ ያልተፈታ ቅራኔ ነበር። ነፊው ደመወዝተኛ፣ መሣሪያው ግን የመንግሥት ንብረት ነው። ከሥራ የተሰናበተ ዕለት ጥሩንባውን ለግምጃ ቤት አስረክቦ ባዶ እጁን ይወጣል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የተደነገገው የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሥራ ዘጋ፤ በኋላም አንድ ኪቦርድ የሦስትና የአራት ነፊዎችን ቦታ በቀረጻውም በመድረኩም ወሰደ። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ብዙ ነፊ ሙያው በእጁ ሳለ መሣሪያው ከእጁ ወጣ። የቀበሌና የአውራጃ የኪነት ቡድኖችም ቢሆኑ ወጣቱን ከመሣሪያ ጋር አስተዋውቀው ሲያበቁ፣ የቆሙት በዘመቻና በበጀት እንጂ በአባላት መዋጮ ስላልነበረ ከሥርዓቱ ጋር አብረው ፈረሱ። ይህን ሳይሸፋፍኑ መናገር ያስፈልጋል።

የውጭው ዓለም ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በአሜሪካ የሙዚቀኞች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1942 የሸክላ ቀረጻን ሥራ አቆመ፤ ምክንያቱም ሸክላው የሕያው ተጫዋቹን እንጀራ እየነጠቀ ነበር። አባላቱ ከሁለት ዓመት በላይ ጸንተው በመቆየታቸው፣ አሳታሚዎቹ ከሚሸጡት ሸክላ ለሙዚቀኞች የጋራ ፈንድ እንዲከፍሉ ተገደዱ። ከዚህ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን የእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 በግራይምቶርፕ የተመሠረተው የነሐስ ባንድ የማዕድኑ ባንድ ነበር። ማዕድኑ በ1993 ሲዘጋ ባንዱ አልተዘጋም።

እንግዲህ በብቸናና በሞጣ ማኅበር ይመሥረት ወይም ይጠናከር ሲባል በማን ይጀመር? በዚህ ጸሐፊ እምነት በእድሩ ጥሩንባ ነፊ፣ በእምቢልታና በመለከት ነፊው፣ ከሠራዊትና ከፖሊስ በጡረታ በተገለሉ ሙዚቀኞች፣ በትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበባት ልጆች መጀመር አለበት። (ሳክስፎን ከነሐስ ቢሠራም በሸምበቆ ልሳን ስለሚነፋ ሊቃውንቱ ከእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎች ይመድቡታል። ማኅበሩ በዚህ ምክንያት በሩን ቢዘጋበት ሞኝነት ይሆናል።) የእምቢልታ ነፊዎች ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ ስለሌለው አንዱ ነፊ የሚያወጣው ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚሞላው በተለምዶ ሦስት ሆነው ሲቀባበሉ ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው ይጎድላል።

ዋናው ሥራ የመሣሪያ ጉዳይ ነው። ጥሩንባ በግል ለመግዛት የነፊው ገቢ አይበቃም፤ በጋራ ገዝቶ፣ መዝግቦ፣ በፊርማ ማዋስ ግን ይቻላል። በጣት የሚጫኑት ፒስተኖች አቧራ ሲገባባቸውና ዘይት ሲነፈጋቸው ይነክሳሉ። አፉ በየጊዜው ካልታጠበም የአንዱ ሕመም ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ ንጽሕናና ጥገና በደንቡ ውስጥ ይጻፍ። ቀጥሎ ለጥርስና ለከንፈር ሕክምና የሚውል መዋጮ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ነፊውን የሚያሠሩት እድሮች ቢጋሩት ከድርሻቸው የሚበልጥ አይሆንም። ለሠርግና ለበዓል የሚጠራ ነፊ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይዋዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የከዋኝን መብት ቢያውቅም፣ ውል የሌለው ከዋኝ መብቱን የሚያስረዳበት ወረቀት የለውም። መደራጀትን በሚመለከትም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ከቀደመው ይልቅ በሩን ሰፋ አድርጎ ከፍቷል።

አሁን ሞትን የሚያሰማው የእጅ ስልክና የድምፅ ማጉያ ነው፣ ነፊው ለምን ያስፈልጋል? የሚሉ አሉ። ስልክ የሌላቸውን አሮጊት የሚቀሰቅሳቸው ማን እንደሆነ እነርሱን መጠየቅ ይበቃል። የኪቦርዱን ታሪክ ያየ ነፊ ግን ይህን ጥያቄ በንቀት አያልፈውም። ጥያቄው ሲመጣ ተደራጅቶ መጠበቅ ይኖርበታል።

በሁለቱ ከተሞች የሚጠራው የመጀመሪያ ስብሰባ ስለ ዓርማና ስለ ሊቀ መንበር ምርጫ ረጅም ሰዓት ባያጠፋ ይመረጣል። አስቀድሞ ሊወሰን የሚገባው የጋራው መሣሪያ ሳጥን በየትኛው ቤት እንደሚቀመጥና ቁልፉን የትኞቹ ሁለት አባላት እንደሚይዙት ነው።