የፀሐይ ኤሌክትሪክ ጭሱ ከወዴት ነው?

የፀሐይ ሰሌዳ የሚሸጥ ነጋዴ ዕቃውን «ምንም ጭስ የሌለው» ብሎ ማመስገኑ የተለመደ ነው። ቃሉ ግማሽ እውነት ነውና የቀረውን አስመጪውም ሆነ የቀዳማይ ወያነ ባለ ሱቅ ሊያውቀው ይገባል።

ሰሌዳው ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ሲለውጥ የሚያቃጥለው ነገር ስለሌለ ሙቀት አማቂ ጋዝ አያወጣም። ታላላቅ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎችም በሥራ ላይ ሳሉ የሚያወጡት ጥቂት ነው፤ ይኸውም አቧራውን ለማጠብ ውኃ ከሚያመላልሰው ቦቴ፣ ለመጠባበቂያ ከሚቆመው ጄኔሬተርና በከፍተኛ ቮልት መሣሪያዎች ውስጥ ታሽጎ ከሚኖረው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ከተባለው ጋዝ የሚመጣ ነው። የዚህ ጋዝ አንዱ ኪሎ ቢያመልጥ ከ20 ሺህ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበለጠ ያሞቃል። በሱቅ ጣራ ላይ ግን ይህ ሁሉ የለም፤ አጣቢውም ባልዲ የያዘ ሠራተኛ ነው።

ዋናው ጭስ የወጣው ዕቃው ከመርከብ ሳይጫን በፊት ነው። ሲሊኮኑን ለማጥራት እጅግ ብርቱ እሳት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ሰሌዳ የሚሠራውም በቻይና ስለሆነ፣ ለሥራው ከሚውለው ኤሌክትሪክ ብዙው የሚገኘው ከድንጋይ ከሰል ነው። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ አጥኚ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሂሳብ፣ ከፋብሪካ እስከ መጣያ ያለው ሁሉ ተደምሮ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት በጣራ ላይ ሰሌዳ 41 ግራም፣ በድንጋይ ከሰል ደግሞ 820 ግራም ያህል ይደርሳል።

እንግዲህ ነጋዴውን የሚነካው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጭሱ አስቀድሞ የወጣ ስለሆነ የሚካፈለው በዕቃው ዕድሜ ነው። 25 ዓመት ሊያገለግል የሚገባው ሰሌዳ በ5 ዓመት ቢሞት፣ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚደርሰው ጭስ አምስት እጥፍ ይሆናል። በርካሽ ተገዝቶ ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ኪስንም አየርንም ይጎዳል፤ ስለዚህ አስመጪው ከዋጋው በፊት የዋስትናውን ወረቀት ይመርምር።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰሌዳው የሚተካው ምንን ነው የሚል ነው። መቐለ ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ተለይታ ከቆየች በኋላ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ተያይዛለች። በዚህ መስመር የሚመጣው ኃይል አብዛኛው ከውኃ፣ ከፊሉም እንደ አሸጎዳ ካለው የነፋስ ማመንጫ ስለሆነ ጭሱ ቀድሞውንም ጥቂት ነው። መብራት ባለበት ሰዓት ሰሌዳው በጭስ ረገድ የሚያተርፈው እምብዛም ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሣ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከእርሱም የሚገኘው ቢበዛ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው።

የባትሪው ሂሳብ ከዚህ የተለየ ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በጥቂት ዓመታት ስለሚያልቅ፣ በሰሌዳው ዕድሜ ውስጥ ደጋግሞ መግዛቱ በዋጋውም በጭሱም ላይ መደመር አለበት።