ከቆርቆሮው ባሻገር፦ በጦርነት ቤታቸውን ያጡ ቤተሰቦችን መልሶ ማቋቋም



የዛሬው ገለጻዬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፦ በጦርነት ቤቱን ያጣ ቤተሰብ «ተቋቋመ» የሚባለው መቼ ነው?

ጥያቄው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ሰሜን ወሎ ደረሰ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች፤ መርሳና የሀብሩ ቀበሌዎችም የጦርነቱ ቀጣና ሆኑ። እነዚህን ወራት በገበሬ ዓይን እንመልከታቸው። ጦርነቱ የገባው አዝመራው ቡቃያ ሳለ ነው፤ የወጣውም የአጨዳው ወቅት ሲያልፍ። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ከጣሪያው ጋር ጎተራውንና ዘሩን፣ አንዳንዱም የእርሻ በሬውን አጣ።

የመጀመሪያው ነጥብ ከዚህ ይነሣል። ቆርቆሮ ተሰጥቶት በሬና ዘር የሌለው ቤተሰብ ሰኔ ሲገባ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ወይ ቆርቆሮውን ሸጦ ዘር ይገዛል፤ ወይ መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ይሰጣል። «እርዳታውን ሸጠ» ብሎ መውቀስ የዕቅዱን ጉድለት በተረጂው ላይ መጫን ነው። መጠለያና መተዳደሪያ በአንድ ወቅት መድረስ አለባቸው።

ሁለተኛው የሰነድ ጉዳይ ነው። በክልላችን የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የባልንና የሚስትን ስም በአንድነት ይይዛል። ቤት ሲቃጠል ደብተሩም ይቃጠላል፤ ባሏን ያጣች ሴት ደግሞ ከዘመድ ጋር ለምትገጥመው ክርክር ዋና ማስረጃዋ እርሱ ነው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት መንግሥት የጠፉ ሰነዶችን ያለ አግባብ ቅድመ ሁኔታ እንዲተካ ያዛል። እንግዲህ ሰነድ መተካት ከግንባታው በፊት የሚቀድም ግዴታ እንጂ የቢሮ ችሮታ አይደለም።

ሦስተኛው የዝርዝሩ ጉዳይ ነው። «የፈረሰ ቤት ባለቤት» ተብሎ ሲመዘገብ፣ በወልድያና በመርሳ ተከራይቶ የሚኖረው ቤተሰብ ዕቃውንና ሥራውን አጥቶም ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል።

በወሎ ማን ምን እንዳጣ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ቅሬው ነው። ሐዘንን የሚሸከም ማኅበር ጭቃ የሚመረግበትን ወንፈልም ማስተባበር ይችላል። ይሁን እንጂ ቅሬ የሚያውቀው አባሉን ነው። ከምዕራብ ኦሮሚያ ተፈናቅለው በሀብሩ ጃራ መጠለያ የተጠጉ ወገኖቻችን በቅሬው መዝገብ የሉም። ስለዚህ ማኅበረሰቡ ይመስክር፤ የመጨረሻው ኃላፊነት ግን የመንግሥት ይሁን።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ቤተሰብ ተቋቋመ የምንለው ቁልፍ ሲረከብ አይደለም። በራሱ በሬ አርሶ ወይም በራሱ ሙያ ሠርቶ፣ ይዞታው በስሙ ጸንቶ፣ ቀጣዩን ክረምት ያለ ዕርዳታ ሲሻገር ነው። ክልላችን ዛሬም ከግጭት ባልወጣበት ሁኔታ ይህ መለኪያ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም መለኪያውን ዝቅ ካደረግን የምንቆጥረው የታደለውን ቆርቆሮ እንጂ የተቋቋመውን ሰው አይሆንም።