ፎቶግራፍ ከመነሣት አስቀድሞ ከፎቶግራፍ ነሺው ጋራ ስለ መመካከር

ሰው ካረፈ በኋላ በቤተ ሰቡ ዘንድ ከሚቀሩት ነገሮች አንዱ የፊቱ ፎቶግራፍ ነው። በአገራችን ልማድ ይህ ፎቶግራፍ በልቅሶው ቀን በዘመድ እጅ ይያዛል፤ ከዚያም በኋላ በእልፍኝ ግድግዳ ተሰቅሎ የልጅ ልጅ የአያቱን መልክ የሚያውቅበት ይሆናል። ነገር ግን ለዚህ ክብር የሚውለው ሥዕል ብዙ ጊዜ ለመታወቂያ ወረቀት ወይም ለመሥሪያ ቤት መዝገብ በችኰላ የተነሣውና በኋላ እንዲጎላ የተደረገው ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ስለዚህ ጉርድ ፎቶግራፍን እንደ ቀላል ነገር መናቅ አይገባም። ቀን ከመቍረጥና ቀብድ ከመስጠት በፊትም ከፎቶግራፍ ነሺው ጋራ ተገናኝቶ መነጋገር የሚጠቅም መሆኑን ለክቡራን አንባቢዎቻችን በዚህ ጽሑፍ እንገልጻለን።

ለዚህ ነገር ምስክር ለመፈለግ ከወሎ መውጣት አያሻንም። መቅደላ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር በተያዘች ጊዜ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ 7 ዓመት የሚያህላቸው ሕፃን ነበሩ። እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ላይ ዐረፉ፤ ልዑሉም ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፣ በዋይት ደሴት፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶግራፍ ነሺ መልካቸውን አነሣች። ሥዕሎቹ ስለ ጥበባቸው እስከ ዛሬ ይደነቃሉ፤ የሚመለከታቸው ሰው ግን በሕፃኑ ፊት ላይ የሚያነበው ኀዘንን ነው። እናቱ በሞተች በሁለተኛው ወር በባዕድ አገር የተቀመጠ ሕፃን፣ እንዲህ ሆኜ ልነሣ ብሎ ለመምረጥ አይችልም። ልዑሉ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ዓለም የሚያውቃቸው ግን በዚያ ባልመረጡት መልክ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከቦሩ ሜዳ ጋራ የተያያዘ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤ በቦሩ ሜዳ ሲደረግ፣ ፎቶግራፍ በአገራችን ገና እንግዳ ነገር ነበረ። ጉባኤውን ተከትሎ የወሎው ባላባት መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። የእኒህ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ አቤቶ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ተብለው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ጥምጣም ጠምጥመው የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በዚያ ክስ ውስጥ እንደ ማስረጃ መዞራቸውን፣ ሥዕሎቹ እውነተኞች ናቸው ወይስ በእጅ የተሠሩ የሚለውም ክርክር መነሣቱን የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። በአባት ዘመን እንግዳ የነበረው መሣሪያ በልጅ ዘመን ዙፋን በሚያናውጥ ክስ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ከዚህ የተለየውን መልካም ምሳሌ ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ እናገኛለን። ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ የዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ ነሺ ነበረ። ከእርሱም በኋላ ልጁ ሃይጋዝ ንግሥት ዘውዲቱን፣ ሌላው ልጁ ቶኒ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን በዚሁ ሙያ አገልግለዋል። ቤተ መንግሥቱ ሥራውን ለሚያውቀው ቤተ ሰብ ከአባት ወደ ልጅ አደራ መስጠቱ፣ በፎቶግራፍ ነሺና በተነሺ መካከል መተዋወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ነሺ ለመያዝ ለሁሉ አይቻልም፤ አስቀድሞ መተዋወቅ ግን ለሁሉ ይቻላል። ከቦሩ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ደሴ ፎቶግራፍ ቤት የሚሄድ ተመራቂ፣ ባለ ሠርግ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለገበያ ወይም ለጉዳይ ከተማ በገባበት ቀን ጎራ ብሎ ለሩብ ሰዓት ያህል ቢነጋገር ብዙ ይጠቀማል። ሊነጋገርበት የሚገባውም ይህ ነው።

አንደኛ፤ ከዚህ ቀደም የተነሡትን ፊቶች ማየት ነው። ይልቁንም ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ከነጭ ነጠላ ጋራ ያለበትን ሥዕል አሳየኝ ማለት ይገባል። መሣሪያው ብርሃንን በራሱ ሲለካ በነጩ ልብስ ይታለላልና፤ ብርሃን በዝቷል ብሎ ሲቀንስ ልብሱ ያምራል፣ ፊቱ ግን ይጨልማል። ብልኅ ባለ ሙያ ብርሃኑን የሚለካው ከፊት ላይ ነው። ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የኮዳክ ፊልም ቀለም የሚስተካከልበት ሸርሊ ካርድ የተባለው ሥዕል ለብዙ ዓመት የነጭ ሴት መልክ ብቻ የነበረበት ስለ ሆነ፣ የጥቁር ሰው ፊት በደንብ አይወጣም ነበር።

ሁለተኛ፤ ሥዕሉ የሚውልበትን ጉዳይ መግለጥ ነው። ለፓስፖርት የሚነሣ ሰው ፊት ለፊት ተመልክቶ፣ ጥላ ሳያርፍበት ይነሣል። ለግድግዳ የሚሆነው ግን ብርሃን ከአንድ ወገን ሲመጣለትና ተነሺው ጥቂት ዘወር ሲል ያምራል። መሣሪያው ወደ ፊት እጅግ ከቀረበ አፍንጫን አግዝፎ ጆሮን ያሸሻልና፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ በሚያቀርብ ሌንስ ማንሣት ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ሥዕሉ ከተነሣ በኋላ ስለሚደረግበት ማስተካከል መወሰን ነው። ሳይጠየቁ የሰውን ፊት የሚያቀሉ ፎቶግራፍ ቤቶች አሉ፤ በዚህም ጊዜ ልጆች የአባታቸውን መልክ ሳይሆን የሌላ ሰው መልክ ይወርሳሉ። ጠባሳ ያለበት ወይም አንድ ዓይኑ የታመመ ሰው ደግሞ፣ ምልክቱ ይታይ ወይስ ይሸፈን የሚለውን የሚወስነው ራሱ ነው። የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለሥጋ ደዌና ለዓይን ሕክምና የታወቀ ነውና፣ የአካባቢው ሰው ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ ያስተውለዋል። ደዌ በፊቱ ላይ ምልክት የተወበት ሰው በየትኛው ወገን ልነሣ ብሎ በጸጥታ ሊነጋገር የሚችለው፣ ሰው ባልተሰለፈበትና መሣሪያው ባልተደቀነበት ሰዓት ነው።

አራተኛ፤ ዋጋውንና ቀብዱን፣ የሥዕሉን ብዛትና የመረከቢያውን ቀን፣ በክረምትም ዝናብ መንገድ ቢከለክል ቀኑ እንዴት እንደሚለወጥ በጽሑፍ ማድረግ ነው። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላልና።

አምስተኛውና ዋናው፤ ሥዕሉ በማን እጅ እንደሚቀርና ለማን እንደሚታይ መስማማት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቁጥር 28 ስለ ታወቁ ሰዎች፣ ስለ ሕዝብ ሥራ፣ ስለ ፍርድና ስለ ፖሊስ ጉዳይ፣ እንዲሁም ስለ ሳይንስና ስለ ትምህርት ያሉትን ልዩ ሁኔታዎች ያመለክታል፤ ደንበኞችን ለመሳብ በፎቶግራፍ ቤት መስኮት መለጠፍን ግን ከእነዚህ ጋራ አይቈጥርም። ዛሬ ደግሞ ሥዕል በመስኮት ብቻ ሳይሆን በኢንተርኔት ወጥቶ በአንድ ቀን ከደሴ እስከ ባሕር ማዶ ይደርሳል። ስለዚህ በተለይ የሴቶች ልጆችንና የሕፃናትን ሥዕል ሳያስፈቅድ እንዳያወጣ አስቀድሞ ቃል መቀበል የወላጆች ግዴታ ነው።

ሽማግሌ አባት ወይም አሮጊት እናት የሚነሡ እንደ ሆነ፣ ለመመካከር ሲኬድ እነርሱንም ይዞ መሄድ ደግ ነው። በማያውቁት ሰው ፊት የሚቀመጡ አረጋውያን ፊታቸው ይጨማደዳል፤ አንድ ጊዜ ቡና ጠጥተው ከተጨዋወቱ በኋላ ግን በቤታቸው እንዳሉ ሆነው ይነሣሉ። ከዚህም ጋራ ፎቶግራፍ ነሺው ራሱ የሚጠይቀውን ማድመጥ ያስፈልጋል። ስለ ዋጋ ብቻ የሚናገረውን ትቶ፣ ሥዕሉ ለምን እንደሚፈለግ፣ ምን እንደሚለበስና ከዚህ ቀደም በተነሡት ሥዕል ያልወደዱት ምን እንደ ሆነ የሚጠይቀውን መምረጥ ይገባል።

ልዑል ዓለማየሁ ለመምረጥ ዕድል አላገኙም፤ እኛ ግን አለን። ስለዚህ እያንዳንዱ የቤተ ሰብ አለቃ ይህን የሩብ ሰዓት ንግግር ሳይንቅ፣ ለልጆቹ እውነተኛውን መልኩን ሊያወርሳቸው ይገባዋል።